በኮሪያ የወደቀውን ዘማች እንዴት እናስበው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከኮሪያ ዘመቻ ጋር የተያያዙ ሦስት ደብዳቤዎች በተከታታይ ደርሰውናል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የአባቴ ታላቅ ወንድም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው እዚያው በውጊያ ላይ ወደቁ። አያቴ መርዶውን ከሰሙ በኋላ ጥቁር ልብስ ሳያወልቁ እንደኖሩ ይነገራል፤ ነገር ግን በልጅነታችን ስለ እርሳቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራ ሰው በቤታችን አልነበረም። አባቴም በቅርቡ ስላረፉ የምንጠይቀው አዋቂ አጣን። በእጃችን ያለው የወታደር ልብስ ለብሰው የተነሡት አንድ ፎቶግራፍና ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለው አንድ ሜዳይ ብቻ ነው። አስከሬናቸው እዚያው ይቅር ወይም ወደ አገር ይግባ አናውቅም፤ የሞቱበትንም ቀን አናውቅም። እኔና ወንድሞቼ መታሰቢያ ልናደርግላቸው አስበናል። ከየት እንጀምር? ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላስ ተገቢ ነውን?
የወንድም ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የአባትዎን ነፍስ ይማርልን፤ እናንተንም ያጽናችሁ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ፤ አልዘገያችሁም። ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎትም ሆነ በስሙ የሚሰጥ ምጽዋት የጊዜ ገደብ የለውም። በቤታችሁ የነበረው ዝምታም ከመርሳት የመጣ አይመስለኝም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሥልጣን የያዘው ደርግ የሶሻሊስቱን ጎራ ተቀላቅሎ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲመሠርት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ውስጥ ሆኖ ከዚያችው አገር ጦር ጋር ሲዋጋ የሞተ ልጅ ለነበረው ቤተሰብ ሐዘኑን በአደባባይ ማንሣት እንኳ የሚያስፈራ ጊዜ መጣ። በሕይወት የተመለሱት ዘማቾችም ብዙዎቹ ታሪካቸውን ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ዓመታት አሳልፈዋል። አያትዎና አባትዎ ዝም ያሉት በሕይወት ያላችሁትን እናንተን ለመጠበቅ ሊሆን ይችላልና፣ መታሰቢያውን ስታዘጋጁ የእነርሱንም ስም አብራችሁ ብታነሡ ደግ ነው።

ስለ አስከሬኑ የምነግርዎ ነገር ምናልባት ከሁሉ በላይ የሚያጽናናችሁ ይሆናል። በኮሪያ ጦርነት የወደቁ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች በቡሳን ከተማ በተዘጋጀው የጦር መካነ መቃብር ይቀበሩ ነበር። ዛሬ በዚያ ስፍራ ከ2,300 በላይ መቃብሮች ቢኖሩም፣ በዚያ ጦርነት ከወደቁት ኢትዮጵያውያን መካከል አንድም ሰው እዚያ አልቀረም፤ የሁሉም አፅም ወደ አገሩ ተመልሷል። አዲስ አበባ በሚገኘው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢም አርፏል። ከቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ወታደሮች ሲሞቱ 536 ቆስለዋል፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አልነበረም። እንግዲህ አያትዎ ልጃቸው በሰው አገር አፈር እንደቀረ እያሰቡ ሞተው ከሆነ፣ የአጎትዎ ማረፊያ ከደብረ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይርቅ ቦታ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያ ጉዟችሁ ወደዚያ ይሁን። ስማቸውን ከነአባታቸውና ከነአያታቸው በወረቀት ጽፋችሁ ለካቴድራሉ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ፤ ከዚያም አዲስ አበባ የሚገኘውን የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ጠይቁ።

ቀኑን ማግኘት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከቤተሰቡ ሽማግሌዎች አጎትዎ ከአገር የወጡበትን ጊዜ በግምትም ቢሆን የሚያስታውስ ሰው ካገኛችሁ፣ ፍለጋው በብዙ ይጠባል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ቡሳን ገባ። ሁለተኛው፣ አስፋው አንዳርጌ ያዘዙት፣ በ1944 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ተካው። ሦስተኛው ደግሞ በወልደ ዮሐንስ ሽታ እየተመራ በ1945 ዓ.ም. ሄደ፤ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆሙ ስምምነት ሲፈረም በግንባር ላይ የነበረው ይኸው ሻለቃ ነው። ሦስቱም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው በመካከለኛው ግንባር ተራሮች ላይ ተዋግተዋል። ከዚያ በኋላ የሄዱት ሻለቆች ሰላም ለማስጠበቅ ስለነበር፣ በውጊያ የወደቁ ሰው ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ መሆን አለባቸው። በጸደይ 1943 ከቤት የወጡ ከሆነ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ብቻ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው የተሳሳተ ቀን ሲያስብ ሊኖር ይችላልና። የጦር ሜዳ መዝገቦች አብዛኛውን ጊዜ የተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ በመዝገቡ ላይ ኦክቶበር 23 ቀን 1952 የሚል ብታገኙ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1945 ዓ.ም. ይሆናል። ያው ኦክቶበር 23 በ1951 ቢሆን ግን ጥቅምት 12 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው፤ ምክንያቱም 1943 የዘመነ ሉቃስ ዓመት ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆና፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 1944 ያሉት ቀኖች ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ፊት ተገፍተዋል። የመጀመሪያው ሻለቃ ብዙ ውጊያ ያደረገው በዚሁ ጊዜ ነው። ሙት ዓመት በአንድ ቀን ቢዛነፍ ጸሎቱ አይሰማም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሰባ ዓመት ሙሉ ያለ ቀን የቆዩ ሰው ትክክለኛ ቀናቸው ሊመለስላቸው ይገባል።

ቀኑ ፈጽሞ ባይገኝስ? በእኔ አስተያየት በግምት የሞት ቀን ፈጥሮ በሐውልት ላይ መቅረጽ አይገባም። ከሁለት ትውልድ በኋላ ግምቱ እውነት ሆኖ ይቀራልና። የሞቱበትን ዓመት ብቻ ጽፋችሁ፣ ለመታሰቢያው ግልጽ ምክንያት ያለው ሌላ ቀን ምረጡ፦ የተኩስ ማቆሙ የተፈረመበትን ሐምሌ 20ን፣ ወይም እርሳቸው ያከብሩት የነበረውን የታቦት ቀን። ለምን ያን ቀን እንደመረጣችሁም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ስለ ስማቸው ሁለት ነገር ልብ በሉ። በሠራዊቱ መዝገብ የሚገኘው የዓለም ስማቸው ነው፤ ፍትሐት ወይም ተዝካር ለማድረግ ግን ካህናቱ የክርስትና ስማቸውን ይጠይቋችኋል። ወላጆቻቸው በሕይወት ስለሌሉ ይህን ስም የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ሊያስጨንቃችሁ ይችላል። የክርስትና እናታቸው ወይም አባታቸው ቤተሰብ፣ አብረዋቸው ያደጉ ዘመዶች፣ የንስሐ አባታቸው ደብር፣ እነዚህ ሁሉ መጠየቅ አለባቸው። ባይገኝም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ በእንዲህ ያለ ምክንያት ጸሎቱን የሚከለክሉ አይመስለኝም። አጎትዎ የሌላ እምነት ተከታይ ከነበሩም በዚያው በእምነታቸው ሥርዓት ይታሰቡ። የእናንተ እምነት ዛሬ ምንም ይሁን፣ መታሰቢያው የእርሳቸው ነው።

ሁለተኛው ነገር ስማቸው በውጭ አገር የተጻፈበት መልክ ነው። በቡሳኑ መካነ መቃብር በ1999 ዓ.ም. የተጠናቀቀ የመታሰቢያ ግድግዳ አለ፤ በ140 የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ላይ በጦርነቱ የሞቱና የጠፉ የ40,896 የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ስም ተቀርጾበታል። በሴኡል የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየምም የሟቾቹ ስም በነሐስ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ግን ጸሐፊው በሰማው ድምፅ ስለሚሆን አንዱ ስም በሦስት ዓይነት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ የአባት ስምም እንደ ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም ተቆጥሮ አስቀድሞ ይመጣ ይሆናል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ በመጀመሪያ እይታ ስላጣችኋቸው የሉም ብላችሁ አትመለሱ። በራሳቸውም በአባታቸውም ስም፣ በሚመስል ድምፅ ሁሉ ፈልጉ። ስሕተት ካገኛችሁም እንዲታረም በአዲስ አበባ የኮሪያ ኤምባሲ በኩል በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ።

ሜዳዩ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ባለው ጥብጣብ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው ማለት ነው። ሜዳዩ በየአገሩ ቋንቋ ስለተዘጋጀ፣ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ የተጻፈ ነው። ከጥብጣቡ ሥር ያለውን ቀጭን ብረት ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ብታዩት «ኮሪያ» የሚለውን ቃል በፊደላችን ታገኙታላችሁ። እባካችሁ በሎሚና በአመድ አትወልውሉት፤ የጠቆረው ገጽ ምንም ጉዳት የለውም፣ ሲወለወል ግን ጽሑፉ እየሳሳ ይሄዳል። ጥብጣቡም አይታጠብ። ሜዳዩ መዝመታቸውን ይመሰክራል እንጂ የወደቁበትን ቀንና ቦታ አይነግራችሁም።

ፎቶግራፉን በተመለከተ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀን፣ አንዳንዴም ለእናት የተጻፈ አንድ መስመር ይገኝበታል። በእስክርቢቶ አትጻፉበት፤ ለስለስ ባለ እርሳስ ጠርዙ ላይ ሙሉ ስማቸውን ጻፉ። በፕላስቲክ ማሸግና በሙጫ መለጠፍ በኋላ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያደርሳል። ኮፒውን አስነሥታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ ዋናው ግን ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ነገር ይህ ነው። በመታሰቢያ ቀን የሚነበቡ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ስለ ሻለቃው ጀግንነት ይተርኩና ሰውየው ራሱ በመካከል ይጠፋል። ሻለቃው ስሙን ያገኘው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም መሆኑን፣ በየተራራው ያደረገውን ውጊያ፣ ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት ማግኘት ይቻላል። አጎትዎ ግን በየትኛው መንደር እንደተወለዱ፣ ከብት ይጠብቁ ወይም ቄስ ትምህርት ቤት ይማሩ እንደነበር፣ ወደ ክብር ዘበኛ እንዴት እንደገቡ፣ ቁጡ ይሁኑ ተጫዋች፣ ያጩአት ልጅ ትኑር አትኑር፣ ይህን የሚያውቁት ዕድሜያቸው የገፋ ጥቂት ዘመዶቻችሁ ብቻ ናቸው። ከሐውልቱም ከድግሱም በፊት ወደ እነርሱ ሂዱ። ስለ ጦርነቱ አትጠይቋቸው፤ አላዩትምና። ፎቶግራፉን በእጃቸው ስጧቸውና ስለ ልጅነታቸው ይንገሯችሁ። አያትዎ ያወረዱትን ሙሾ የሚያስታውስ ሰው ካለም ቃል በቃል ጻፉት። እናት ስታለቅስ የምትጠራው የልጇን መልክና ጠባይ ስለሆነ፣ ከየትኛውም የጦር መዝገብ ይልቅ ሰውየውን የምታገኙት በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ኮሪያ ዘምተው የሞቱ መሆናቸውን ለልጆቼ ስነግራቸው የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ «ለምን በሰው አገር ጦርነት ሞቱ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። የአገር ክብር ነው ብዬ ብነግረው ይበቃዋልን?
አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለዚህ ልጅ አይበቃውም፤ ጥያቄውም የሚገባ ነው። መንግሥት ወታደሮቹን የላከበትን ምክንያትና ወታደሩ ራሱ የሄደበትን ምክንያት ለያይተው ቢነግሩት የተሻለ ይመስለኛል።

የመንግሥቱ ምክንያት የሚጀምረው ከኮሪያ ሳይሆን ከራሳችን ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ሄደው የመንግሥታት ማኅበር በገባው ቃል መሠረት አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ እንዲደርሱለት አቤት አሉ፤ የደረሰ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ ሲዘልቅና ድርጅቱ አባሎቹን እርዳታ ሲጠይቅ፣ ትናንት «ለምን አልደረሳችሁልንም» ስትል የነበረች አገር ዛሬ የቀረበላትን ጥሪ ዝም ልትል አልፈለገችም። ተዋጊ ጦር ከላኩት 16 አገሮች አንዷ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከኃያላኑ፣ በተለይም ከአሜሪካ ጋር የነበራቸውን ወዳጅነት ለማጠንከርና ሠራዊቱን በዘመናዊ መንገድ ለማደራጀት መፈለጋቸውም ሌላው ምክንያት ነበር። ልጅዎ ሁለቱንም ይወቅ፤ አንዱ ሌላውን ውሸት አያደርገውም።

የአያትዎን ምክንያት ግን፣ በጽሑፍ ካልተዉ በስተቀር፣ እኔም ሆንሁ እርስዎ በአፋቸው ውስጥ ልንጨምርላቸው አንችልም። ወታደር ስለነበሩ ትእዛዝ ተቀብለው ሄደው ይሆናል፤ ጓደኞቻቸው ስለሄዱ ወደ ኋላ መቅረቱን አፍረው ይሆናል፤ ዓለምን ለማየት ጓጉተውም ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልጅዎ በራሱ ሒሳብ ሊደርስበት ይችላል፦ በ1943 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመት የነበረው ወታደር ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ ሲገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የተወረረ አገር ምን እንደሚመስል ያየው በሕፃን ዓይኑ ነው። የአያትዎ ዕድሜ ስንት እንደነበር አብራችሁ አስሉ፤ የቀረውን ልጁ ራሱ ያስበዋል።

ከዚህ በተጨማሪ ዘማቾቹ እዚያ የሠሩት መዋጋት ብቻ እንዳልነበር ይንገሩት። በዶንግዱቾን ከተማ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ላጡ ኮሪያውያን ሕፃናት መጠለያ አቋቁመው ከራሳቸው እያዋጡ ይረዷቸው ነበር። ጦርነቱም እስከ ዛሬ በሰላም ውል አልተዘጋም፤ የተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት ነው፣ አገሪቱም ለሁለት እንደተከፈለች ናት። ልጅዎ በሌላው ወገን ስለሞቱት ከጠየቀዎትም አይሸሹት፤ እነርሱም የእናት ልጆች ነበሩ። ይህን መናገር የአያትዎን ክብር አንዲት ጠብታ አይቀንሰውም።

ጥያቄ፦ የወንድ አያቴ ወንድም በኮሪያ ከሞቱት አንዱ ናቸው። እኔ የምኖረው ከአገር ውጭ ስለሆነ አዲስ አበባ በሚደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ መገኘት አልችልም። ባለሁበት ሆኜ ከሌሎች ጋር በአንድ ጊዜ የማስብበት ቀን አለን?
እኅታችሁ፣ ከሪያድ

መልስ፦ አለ። በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ቀን፣ በኮሪያ ሰዓት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ በጦርነቱ የተሳተፉ አገሮች ዘማቾችና ቤተሰቦች ባሉበት ሆነው ፊታቸውን ወደ ቡሳን መካነ መቃብር አዙረው ለአንድ ደቂቃ በጸጥታ ይቆማሉ። ይህን ያመነጩት አንድ ካናዳዊ የኮሪያ ዘማች ናቸው፤ ከ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮም ሳይቋረጥ ይደረጋል። ቀኑ በእኛ ኅዳር 2 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ኅዳር 1 ይሆናል። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ፣ ከኮሪያም በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚሆኑ፣ ለእርስዎ የሚውለው ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ነው። ለሥራ ከመነሣትዎ በፊት ስለሚሆን ከአሠሪ ፈቃድ መጠየቅም አያስፈልግዎትም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶችዎ በዚያው ዕለት ቅድስት ሥላሴ ቢሄዱ፣ ወይም አፍንጮ በር ባለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፓርክ ቢገኙ፣ እርስዎም በስልክ አብረዋቸው መሆን ይችላሉ።

አንድ ቀን ወደ ኮሪያ የመሄድ ዕድል ካገኙ ከቡሳን ሌላ ቹንቾን ከተማን ይጎብኙ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በግንቦት 1960 ዓ.ም. ተገኝተው የመረቁት የኢትዮጵያውያን ዘማቾች ሐውልት እዚያ ይገኛል፤ አጠገቡም ጣሪያው የአገራችንን ጎጆ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ። የኮሪያ መንግሥት ዘማቾችንና የሟቾችን ቤተሰቦች ጋብዞ የሚያስጎበኝበት ፕሮግራም ስላለው፣ ቤተሰባችሁ ለዚህ ማመልከት ይችል እንደሆነ የዘማቾችን ማኅበር ይጠይቁ። ለዚህም ከሟቹ ጋር ያላችሁን ዝምድና የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚያስፈልግ፣ ወረቀቶቹን ማሰባሰብ ካሁኑ ይጀምሩ።